ከግድግዳው ጀርባ

ማዘንጊያ መታጠቢያ ቤቱን ያቀደችው በጡብ ስባሪ ነው። ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር እሷና ባሏ የገዙት ቦታ ላይ ቤቱ ገና መሠረት ሳለ፣ ስባሪውን አሸዋ ላይ ደርድራ ለግንበኛው ለሓዚም አሳየችው። እጅ መታጠቢያው በሩ አጠገብ፣ ሻወሩ ጥግ፣ የሽንት ቤቱ መቀመጫ ደግሞ ከመኝታ ክፍሏ ርቆ ወዲያኛው ግድግዳ ሥር። ሳጃና ሰፈር ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ከስድስት አባወራ ጋር ለአንድ ሽንት ቤት የተሰለፈች ሴት ናት፤ በዚህ ጉዳይ ማንም አያስተምራትም። የክፍሏ ምሥራቅ ግድግዳ የእመቤታችን ሥዕል የሚሰቀልበት፣ እሷም ፊቷን አዙራ የምትጸልይበት ስለሆነ፣ ከጀርባው ቆሻሻ እንዳይጠጋ አጥብቃ ተናገረች። ሓዚምም «ሓድር፣ እሺ» አለ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመጣ ግድግዳው ቆሟል። መቀመጫው ግን ከእሷው ግድግዳ ጋር ተለጥፎ ጉብ ብሏል።

«ያ ኡስታ! ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ግንበኛውን ጠየቀችው።

የመለሰላት ባሏ አዋድ ነው። «አንቺ እንዳልሽው ቢሆን ስንቀመጥ ጀርባችንን ለቂብላ፣ ለመካ አቅጣጫ ልንሰጥ ነበር። ሐራም ነው። እናቴ ናት ያየችው፤ ስለዚህ ወደ ጎን ዞረ።»

«ይዙር! መዞሩን ማን ጠላ? እዚያው ማዶ ጥግ ላይ አይዞርም ነበር?»

«ቧንቧው እዚህ ይቀርባል። ደሞ ግድግዳ እኮ ነው፣ ያ ማዘንጊያ። ኻላስ፣ ማለሽ፤ ምንም አይደለም።»

ማለሽ! ካርቱም ውስጥ በዚህች ቃል ያልተሸፈነ በደል የለም። ሊሸና ለሚቀመጥ ሰው ፊትና ጀርባ ይህን ያህል ሲጨነቁ፣ ለምትጸልየው ሚስት ፊት ግድ የሰጠው አልነበረም። ሲያገባት «አንቺ በሃይማኖትሽ፣ እኔ በሃይማኖቴ» ብሎ የማለላት ሰው፣ መሐላውን በሁለት ሜትር ቧንቧ ለወጠው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እውነት ነው። ንቀዋታል።

የቀትር አዛን ተሰማ። የአዋድ እናት ሐጃ ሱረያ መስገጃቸውን ይዘው የተጠረገ ክፍል ሲፈልጉ የማዘንጊያን አገኙ። ቂብላው በዚያው በምሥራቁ ግድግዳ በኩል ነውና ወደዚያው ዞረው ዘረጉት።

«ሐጃ» አለች ማዘንጊያ። «ሳይሰግዱ በፊት ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ቢያዩት።»

አሮጊቷ ወጥተው አዩ። ተመልሰው መስገጃቸውን ከመሬት አነሱ። «አስተግፊሩላህ! ያ ሓዚም፣ ሺሉ! አንሳው! አሁኑኑ!»

ማለሽ ያለ የለም። ቧንቧውም ሩቅ ነው አልተባለም። አዋድ ራሱ ጀላቢያውን ሰብስቦ መዶሻ አነሳ፤ ሲሚንቶው ያልያዘውን መቀመጫ ነቅለው፣ እንደዞረ ማዶ ጥግ ወሰዱት።

«ይኸው፣ እንዳልሽው ሆነ» አላት ላቡን እየጠረገ። «አሁን ደስ አይልሽም?»

«ለእናትህ ሆነ» አለችው። «ለእኔማ ግድግዳ ነበር።»

ማዘንጊያ መዶሻውን ከባሏ እጅ ወስዳ፣ ከሓዚም ሳጥን ትልቅ ሚስማር መርጣ፣ በክፍሏ ምሥራቅ ግድግዳ ላይ በጡቦቹ መጋጠሚያ መምታት ጀመረች።

«ሳይለሰን?» አለ ሓዚም።

«የሥዕሉ ቦታ ከአሁኑ ይታወቅ።»

አዋድ ሊያግዛት መዶሻውን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም።