ማለቂያ ያጣው ፈቃድ

ጥሩምባው ለሁለተኛ ጊዜ ሲነፋ አስናቀ መንሹን እንደያዘ አውድማው መሀል ቀጥ አለ። አንድ ጊዜ ከተነፋ ስብሰባ ነው፤ ከተደገመ ግን የታመመ ሰው አለና ከየቤቱ አንድ ትከሻ ይውጣ ማለት ነው። ጎጡ ያለው አምባ ላይ ነው፤ መኪና አይወጣም። የታመመ ሁሉ በቃሬዛ፣ በወንድ ትከሻ ቁልቁል ወርዶ ከእብናት መንገድ ሲደርስ ነው አምቡላንስ የሚያገኘው።

"የሞገስ ሚስት ናት!" አሉ አባቱ አያ ይሻው ከአጥሩ ማዶ። "ፀጋ ናት፣ ምጡ ጠንቶባታል። ና እንጂ ልጄ! ምን ትገተራለህ?"

"ገብሱን ሜዳ ላይ ጥየው አባዬ?"

"ዶሮ ይብላው! ሰው ይቀድማል።"

አያ ይሻው የቃሬዛው ማኅበር ሙሴ ናቸው። ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደሚሸከም የሚደለድሉት፣ ጥሩምባ ሰምቶ የቀረውን የሚቀጡት እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ የገዛ ወንድማቸውን ቀጥተው፣ ወንድማቸው ለፋሲካ እንኳ ቤታቸው ሳይመጣ ቀርቷል። አስናቀ መንሹን ገለባው ላይ ተከለና ተከተላቸው። ምን ብሎ ይቅር?

ነገሩ እንዲህ ነው። አስናቀ ወደ ወታደር ማሰልጠኛ የሄደው ክረምቱ ሲወጣ ነበር። ያን ጊዜ ጎጡ በሙሉ ሸኝቶታል። ጠላ ተጠምቆ፣ በግ ታርዶ፣ ሽማግሌው መርቆ፣ ወጣቱ እየዘፈነ እስከ ቁልቁለቱ አፍ ወርዷል። ማሰልጠኛው ውስጥ ግን ገና ጫማ ሳይታደለው አንድ ሐኪም ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ሌላ ሐኪም ጠራ። እሱም ብዙ ቆየ።

"ወንድሜ፣ አንዱ የልብህ በር ደህና አድርጎ አይዘጋም" አለው የመጀመሪያው። "ልጅ ሳለህ ጉሮሮህን ሲያምህ፣ ጉልበትህን ሲያምህ የጀመረ ነው። መድኃኒትህን እየተከታተልክ ሠርተህ ትኖራለህ። ሩጫና ከባድ ሸክም ግን ካሁን በኋላ ያንተ አይደለም።"

በሄደበት ልብስ ተመለሰ። እናቱ እልል ብላ ወጣች። አያ ይሻው ግንባሩን ስመው "ፈቃድ ሰጡህ?" ሲሉት "አዎ፣ ፈቃድ ነው" አለ። ሌላ ምንም አላለም። ያችን ቃል ግን በማግሥቱ ሊመልሳት ቢል አልቻለም፤ አባቱ ቀድመው ለጎረቤቱ፣ ለገበያተኛው፣ ለሰንበቴው ሁሉ አዳርሰዋት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሙ ጠፍቶ "ወታደሩ" ሆነ።

"ሪፖርት ላደርግ" እያለ ደብረ ታቦር ይወርድ ጀመር። የሚወርደው ግን ሥራ ፍለጋ ነው። የመንግሥት ሥራ ሆኖ ደንብ ልብስ ካለው፣ በሰው ፊት ያስቆመኛል ብሎ ፖሊስ ጠየቀ፤ የጤና ምርመራ አለው። ማረሚያ ቤት ጠየቀ፤ እሱም አለው። ምርመራው ክፍል በር ድረስ ሄዶ፣ ነጭ ጋዋን ሲያይ ዞሮ ይመለሳል። መድኃኒቱን ሊወስድ ሆስፒታል በሄደበት አንድ ቀን ግን የአምቡላንሱን ሥምሪት የምትመራው፣ ሕመሙንም የምታውቀው፣ አንዳንዴ ከመኪናው ጋር የምትወጣው ሲስተር ማስተዋል አየችውና፣

"አሥራ ሁለተኛን ጨርሰሃል አይደል? የጥሪ ተቀባይ ቦታ ወጥቷል፤ ለምን አትመዘገብም?" አለችው።

"ምንድን ነው ሥራው?"

"ከየቀበሌው ሲደወል ማንሳት። የት እንዳሉ፣ ምን እንደሆኑ ጠይቆ መኪናውን ወዳሉበት መላክ።"

"ቁጭ ብሎ?"

"ቁጭ ብሎ ነዋ! ቆመህ ብታነሳውም የሚከለክልህ የለም።"

እንዲያው በእልህ ተመዘገበ፤ ተፈተነ፤ አለፈ። ካለፈ በኋላ ግን አፈረ። ጠመንጃ ይዞ ይመጣል የተባለ ልጅ ስልክ ይዞ ሲቀመጥ አባቱ ምን ይሉ? ፊርማውን ሳያኖር ቀረ። ሲስተር ማስተዋል ሁለት ጊዜ ደውላለታለች። በመጨረሻው "ሰኞ ካልፈረምክ ተጠባባቂው ይገባል" ብላ ዘጋችው።

ያ ጥሩምባ የተነፋው ቅዳሜ ጧት ነው።

ሞገስ ደጅ ሲደርሱ ሰው ተሰብስቧል። ፀጋ ቃሬዛው ላይ ጋቢ ለብሳ ተጋድማ የባሕር ዛፉን አግዳሚ ጨምድዳ ይዛለች። አማቷ ማርያምን እየተጣሩ ላቧን ይጠርጋሉ። ሞገስ የአስናቀ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ዓይኑ ደም መስሏል።

"መጣህ ወንድም ዓለም?" አለው። "እንኳን ፈቃድህ አላለቀ።"

አያ ይሻው ድልድሉን ጀመሩ። "አዲስዓለም ከኋላ። ሞገስ አንተ ከጎን ሁን፣ ሚስትህን አጫውታት። የፊቱን ቀኝ..." አሉና ድምፃቸው ከፍ አለ፤ "የፊቱን ቀኝ ልጄ ይይዘዋል። ቁልቁለቱ የሰለጠነ ጉልበት ይፈልጋል።"

ከፊት መሸከም በዚያ አገር ክብር ነው። ቁልቁል ሲወረድ ክብደቱ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ነው።

አስናቀ አፉን ከፈተ። "አባዬ..." አለ።

"ምነው ፊቱ ነጣ?" አለ አዲስዓለም ከኋላ፤ ጨዋታ የሚያውቅ፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ እንኳ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። "ኧረ ወታደሩ፣ የምትሸከመው ነፍሰ ጡር ነው እንጂ መድፍ አይደለም!"

ሰዎቹ ሳቁ። በሥቃይ ውስጥ ሆና ፀጋም ፈገግ ያለች መሰለች። አስናቀ አፉን ዘጋና ትከሻውን ከአግዳሚው ሥር አገባ።

መጀመሪያው ደህና ነበር። ሜዳው አልቆ ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን ልቡ መሳት ጀመረ፤ ሁለቱን መትቶ አንዱን ይዘላል። ትንፋሹ ከጉሮሮው በታች አልወርድ አለ። ከፊቱ የሚያየው ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ቀጥሎ ያለው ድንጋይ ብቻ ነው። እስከዚያ ልድረስ ይላል፤ ሲደርስ ደግሞ እስከዚያኛው።

ትከሻ የሚቀየርበት ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አንዱ ተረኛ መጥቶ ክንዱን ነካው። "አምጣ፣ ልቀይርህ።"

"ገና ነኝ" አለ አስናቀ።

"ላብ አጥምቆህ የለም እንዴ!"

"ገና ነኝ አልኩህ እኮ!"

አያ ይሻው ሰምተው ኩራታቸውን መደበቅ አቃታቸው። "ተወው፤ የለመደ ነው" አሉ።

ይህቺን ነገር አስናቀ ዕድሜ ልኩን አይረሳትም። ቀይረኝ ማለት ይችል ነበር። ማንም ምንም አይለውም፤ ተራው ደርሶ የሚቀየር ሰው አያፍርም። እሱ ግን አላለም።

ጠፍጣፋውን አልፈው ብዙም ሳይሄዱ ጉልበቱ ከዳው። ቃሬዛው ወደ ቀኝ ዘንበል አለ፤ ፀጋ "እናቴ!" ብላ ጮኸች፤ ግማሽ አካሏ ከገደሉ አፍ ተንጠለጠለ። ሞገስ ወገቧን አቀፈ፤ አዲስዓለም ከኋላ እያቃሰተ አግዳሚውን በደረቱ ደገፈው። ሌላው ሮጦ የፊቱን ያዘ። የተረፈችው ለጥቂት ነው።

አስናቀ በጉልበቱና በእጁ መሬት ይዞ ቀረ። ከንፈሩ ጠቁሯል።

"ማነው የወደቀው?" አለች ፀጋ፣ ራሷን ልታነሳ እየሞከረች።

"ወታደሩ ነው" አላት አንዱ።

"ሂዱ! አትቁሙ!" አሉ አያ ይሻው። ቃሬዛው ወረደ። እሳቸው ለአፍታ ልጃቸው ራስ ላይ ቆሙ። "ምን ሆንክ? አሞህ ነበር?"

"ፈቃድ አይደለም አባዬ" አለ አስናቀ አፈሩን እያየ። "መልሰውኛል። ልቤ ነው የታመመው። ከባድ አትሸከም ብለውኛል።"

አያ ይሻው ቁልቁል እየራቀ የሚሄደውን ቃሬዛ አዩ፤ መልሰው ልጃቸውን አዩ።

"ይህን እያወቅህ ነው የሰው ሚስት ትከሻህ ላይ ያወጣኸው?"

"አዎ።"

በቡጢ ቢመቱት ይሻለው ነበር። እሳቸው ግን ዱላቸውን ዘረጉለት፤ ይዞ ተነሣ። "በቀስታ ውረድ" ብለውት ቃሬዛውን ተከትለው ሮጡ።

አስናቀ እያረፈ መንገዱ ዳር ሲደርስ ፀጋን አምቡላንሱ ውስጥ አስገብተዋታል፤ ሞገስና እናቱ አብረዋት ገብተዋል። ሲስተር ማስተዋል ጓንቷን እያጠለቀች ዞር ስትል አየችው።

"አስናቀ?" አለች። ቀረብ ብላ የእጁን ምት ያዘች፤ ትከሻው ላይ የቀረውን የአግዳሚውን ሰንበር አየች። "ተሸክመህ ነው? እንዳትሸከም አልተባልክም? አንተ ሰው፣ በገዛ ልብህ ነው እንዴ የምትጫወተው!"

ሰዎቹ ሁሉ ሰሙ። ማንም ወደ እሱ አላየም፤ አንዱ ጫማውን ያራግፋል፣ አንዱ ሰማይ ያያል። እንዲህ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

"ጋቢና ቦታ አለ፤ ግባና እንይህ።"

"አለፈልኝ።"

"ነገ ጧት ትመጣለህ። ዳገቱን እያረፍክ ውጣ፤ ከባሰብህ ደውል።" በሩን ልትዘጋ ስትል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ሰኞ ነው እንግዲህ" አለች።

"አስብበታለሁ" አላት።

መኪናው ሄደ።

ዳገቱን ሲመለሱ ባዶውን ቃሬዛ ሁለት ሰው ይዞታል። በወትሮው እየቀለዱ፣ እየተቀዳደሙ ነው የሚወጡት። ያን ቀን ግን ሁሉም ቀስ አሉ። አስናቀ ሲቆም አንዱ ጫማው ውስጥ ጠጠር ይገባበታል፤ ሲነሣ ጠጠሩ ይወጣለታል። አዲስዓለም እንኳ አፉ ታሰረ። ኧረ ስደበኝ፣ በሆነ ነገር ውረድብኝ እያለ አስናቀ በልቡ ለመነው።

አያ ይሻው ጎኑ ሆነው ይራመዳሉ።

"ለኔ እንኳ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?" አሉ በመጨረሻ።

"አንቱ ለአገሩ ሁሉ ነግረው ጨርሰው ነበር።"

አባቱ ጥቂት ሄደው "እሱስ እውነትህን ነው" አሉ፤ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል ነበር።

እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ሞገስ ደወለ። ሴት ልጅ ናት፤ እናቲቱም ደህና ናት። ሰዎቹ "እሰይ! እሰይ!" አሉ፤ አዲስዓለም ጋቢውን አውለበለበ። አስናቀ ፊቱን ወደ ጉና ተራራ አዙሮ፣ ማንም ሳያየው ዓይኑን ጠረገ። ቃሬዛው ያን ጊዜ ወደ ቀኝ ትንሽ ጨምሮ ቢያዘነብል ኖሮስ?

እንደዚህ እያሉ ቄስ ገብረየሱስ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከላይ ብቅ አሉ። የደብሩ አገልጋይ ናቸው፤ የምሥራቹን ሰምተው ደስ ብሏቸዋል። ሰዎቹ ባርኔጣቸውን እያወለቁ መስቀል ተሳለሙ። አስናቀ ሲሳለም ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

"ወታደሩ! አንተም ተሸክመህ ነበር? ፈቃድህ ገና አላለቀም እንዴ?"

አስናቀ ሳይመልስ አባቱ ቀደሙት።

"አራዝመውለታል አባ" አሉ አያ ይሻው። ድምፃቸው ቀጠነ። ሰው ዋሸ ብለው የሚቀጡ ሰው ናቸው፤ በመስቀል ፊት ሲዋሹ ያያቸው የለም።

"አዎ፣ አራዝመውለታል" አለ አዲስዓለም ፈጠን ብሎ።

"ጎበዝ ስለሆነ ነው" ጨመረ ቃሬዛውን የያዘው።

አስናቀ አንድ በአንድ አያቸው። ሁሉም የእውነት ያህል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ነገም ሌላ ሰው ይጠይቃል፤ እነሱም እንዲህ ይላሉ። በየገበያው፣ በየለቅሶው፣ በየክርስትናው ስለሱ ሲዋሹ ሊኖሩ ነው። አባቱ ጃንጥላውን እንጂ የቄሱን ፊት ማየት አልቻሉም። ከቃሬዛው ሥር ከወደቀበት ሰዓት ይልቅ አስናቀ ያን ጊዜ አፈረ።

"አላራዘሙልኝም አባ" አለ።

"እ?"

"ወታደር አይደለሁም። ልቤ ታሞ ገና ሳልሰለጥን ነው የመለሱኝ። ዛሬም ፀጋን ልጥላት ነበር።" ትንፋሹ አጠረና ቆመ። ቄሱም ጠበቁት። "ሰኞ ደብረ ታቦር ሥራ እገባለሁ። የአምቡላንስ ስልክ ተቀባይ።"

ቄስ ገብረየሱስ ጃንጥላቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስልክ ተቀባይ ማለት፣ እንዲህ ሰው ታሞ ሲያጣድፈን የምንደውልለት?"

"እሱ ነኝ።"

"ቶሎ ይነሣል? ያሁኑ እኮ እየጠራ ይቀራል።"

"ተራዬ ከሆነ ይነሣል።"

"የአያ ይሻውን ቶሎ አንሥቶ የኔን ቢያዘገይስ?" አለ አዲስዓለም። አፉ ተፈታ። "ኧረ ይህ ሰውዬ ቂም ይዞብኛል፣ መድፍ ብዬዋለሁ!"

ሳቁ። አስናቀ ለመሳቅ ሞከረና አልመጣለትም፤ ጆሮው እስኪግል ድረስ ገና ያፍራል። አያ ይሻው ከቄሱ ፊት ዞር ብለው አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

ቄሱ መርቀዋቸው ወረዱ። ሰዎቹ ቃሬዛውን አነሡ፤ መንገድም ጀመሩ፤ እንደቅድሙ ቀስ እያሉ፣ ወደ ኋላ እያዩ።

"እናንተ ቅደሙ" አላቸው አስናቀ፤ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። "እኔ ደክሞኛል፤ አርፌ እመጣለሁ።"