መሪው ሰላም ነው

እናቴ አከርካሪዋን ቀዶ ሕክምና ካደረገች ሦስት ወር ሆኗታል። በሳምንት ሁለት ቀን ለፊዚዮቴራፒ ካልሄደች ግራ እግሯ ዳግመኛ እንደማይታዘዛት ሐኪሟ ሳይደብቅ ነግሮናል። እሷ ግን አራት ቀጠሮ በተከታታይ ቀረች። የፈራችው ሕክምናውን ሳይሆን የወንድሜን አሮጌ ሚኒቫን ነው።

«ከኋላ ተኝቼ፣ የሆነ ፍጥነት ላይ ስንደርስ ወገቤን እንደ ወንፊት ያንገዋልለኛል» ትላለች።

«እማዬ፣ መሪው እጄ ላይ ቅቤ ነው! እርጅና ነው እንጂ መኪናው ምን ሆነ?» ይላል ወንድሜ።

መሪው ቀደም ሲል ይንቀጠቀጥ ነበር። «ፕሮፌሰር» የሚሉት መካኒክ በግማሽ ሰዓት አስተካክሎ መለሰለት። የእናቴ ስቃይ የጀመረው ከዚያ ወዲህ መሆኑን ማናችንም ልብ አላልንም። እኔም ጭምር።

ማክሰኞ ጠዋት ለምኜ አሳፈርኳት። ወንድሜ ይነዳል፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ተኝታለች፣ እኔ አጠገቧ ሆኜ አንገቴን አስግጌ የፍጥነት መለኪያውን አያለሁ።

«መጣ!» አለች። ሰማንያ አምስት።

ወንድሜ ቀነስ አደረገ። «ሄደ።» ጨመረ። «መጣ!» ሰማንያ አምስት። አምስት ጊዜ ሞከርነው፤ አምስቱንም ጊዜ እዚያው። እጄን ከጎኗ ወንበሩ ላይ ባሳርፈው እስከ ክርኔ ነዘረኝ።

«እርጅና ኪሎሜትር ይቆጥራል እንዴ?» አልኩት። መኪናውን ወደ ፕሮፌሰር ጋራዥ አዞረ።

ፕሮፌሰር እጁን በጨርቅ ጠራርጎ መሪውን ያዘና ሰፈሩን አንዴ ነድቶ መጣ። «መሪው ሰላም ነው። ማዘር ቀስ እያሉ ይለምዱታል።»

ደሜ ፈላ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄ ነው! ሰማንያ አምስት ላይ የሚነሣን ነገር በሠላሳ ፈልጎ የለም የሚል ባለሙያ!

«ከኋላ ግባና ተኛ» አልኩት።

«እኔ መካኒክ ነኝ እንጂ በሽተኛ አይደለሁም፣ እህቴ።»

«ለዛሬ ትሆናለህ።»

እናቴን ጥላ ሥር አስቀምጠን ወጣን። ፕሮፌሰር ጉልበቱን አጥፎ ተጋድሟል። ዘጠና ስንደርስ «ቁም! ኧረ ቁም!» ብሎ ጮኸ። በዝግታ ተመለስን።

መኪናውን በክሪክ አነሣና የኋላውን ቀኝ ጎማ በእጁ አሽከረከረው። ጎማው በአንድ ወገን ሆድ አውጥቷል፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ተበጥሷል።

«ይሄ ከፊት ነበር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መሪውን ሲያስቸግር ወደ ኋላ ወሰድኩት።»

«ከወንድሜ እጅ አንሥተህ እናቴ ወገብ ላይ ጫንከው?»

«የመጣው ቅሬታ ስለ መሪ ነበራ!»

ስለ መሪ! ብልሽት ማለት መሪ የጨበጠ ሰው የሚሰማው ብቻ ነው። ከኋላ የተኛው ሰው ስሜቱ እርጅና፣ ንግግሩ ምሬት ነው።

«ቢፈነዳስ ኖሮ?» አለ ወንድሜ። ፕሮፌሰር ጎማውን መፍታት ጀመረ።

አዲስ ጎማ አስገብተን በቀጥታ ሆስፒታል ሄድን። መቶ ላይ ስንደርስ ዞር ብዬ አየኋት፤ «ምን ታፈጫለሽ? ደህና ነኝ» አለችኝ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ፋይሉን ገለጠች። «አራት ቀሪ። ‹ታካሚዋ ለመምጣት ፈቃደኛ አይደሉም› ይላል። በስልክ ነው የተነገረን።»

ወንድሜ ጫማውን አየ።

«ይሰረዝ» አልኩ። «‹ልጆቿ አላመኗትም› ተብሎ ይጻፍ።»

«እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፍበት ቦታ ፎርሙ ላይ የለም።»

«ኅዳጉ ላይ ጻፊዋ!»

«በኋላ ትጨቃጨቃላችሁ። እማማ፣ እስቲ ግራ እግርዎን ያንሡልኝ።»

እናቴ ከንፈሯን ነክሳ አነሣችው። ከአልጋው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አለ፤ ተንቀጠቀጠና ወደቀ። ባለሙያዋ ከፋይሉ ጋር አመሳከረችው።

«ባለፈው ሁለት ስንዝር ነበር» አለች።

 ብዕሯን አነሣችና ‹ፈቃደኛ አይደሉም› የሚለውን መስመር ሰረዘችው።