ባሕሩ የሚሸሽበት ሰዓት

ንጉሡ ከአባቱ ዕቃ ጋር የተመለሰውን ወረቀት ከነፕላስቲኩ ለአዲሶቹ ለቀስተኞች አቀበላቸውና ጣቱን ቁጥሩ ላይ አሳረፈ። ከቨርጂኒያ፣ ከበርክ የመጡት ሦስት ሰዎች ተራ በተራ አጎንብሰው አዩት። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ አንድ መስመር ነበር፤ «ቅዳሜ፣ 10:20»።

«ባሕሩ የሚሸሽበት ሰዓት ነው» አለ ንጉሡ። «ወደ ዋሻው የሚገባው ያኔ ነው፤ ረፋድ ላይ። እህቴ ተጠንቅቃ ጽፋ ሰጥታቸው ነበር። እሱ ግን አባባን ይዟቸው የደረሰው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ነው፤ ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይቶ። ውሃው እየተመለሰ ሳለ አስገብቷቸው፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ ተኛ። ውሃው እዚያው አስቀራቸው።»

«እሱ» የተባለው ጋሽ ይገዙ አምስት እርምጃ ርቆ፣ ደረጃው ሥር፣ የእድር ተጣጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ታክሲ ነጂ ነው፤ የሟቹም የቅርብ ወዳጅ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው የንጉሡ ቤት እየመጣ በየቀኑ ቤዝመንቱ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሰሃን የሚያቀብለው የለም። የሟቹ እህት እትዬ እንግዳወርቅ ትሪ ይዘው ሲዞሩ ዘለውት ያልፋሉ። ትላንት በእሱ ፊት ሲያልፉ፣ ለጎረቤታቸው የሚናገሩ መስለው፣ ዛሬማ ደህና ነቅቶ ተቀምጧል ብለው ነበር። ሁለት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ።

ስሂን ከወንድሟ ከንጉሡ ጎን ፍራሹ ላይ ተቀምጣ ትቆጥር ነበር። ይህ ታሪክ ሲነገር አሥራ አራተኛው ነው። በመጀመሪያው ቀን ንጉሡ «ደክሞት ተኛ» ነበር ያለው። በሁለተኛው ቀን «ደክሞት» የምትለዋ ቀረች። «ተጠንቅቃ» የምትለዋ ግን ከመጀመሪያውም ነበረች፤ አሥራ አራት ጊዜ ሰምታታለች።

አባቷ አቶ ወልደአምላክ ሠላሳ አንድ ዓመት የካርታ ነዳፊ ነበሩ። ቀይ ባሕርን ከነደሴቶቹ፣ ከነጠረፉ፣ በቀጭን ብዕር ስንት ጊዜ እንደሳሉት ቁጥሩን አያውቁትም፤ እግራቸው ግን የባሕር ውሃ ነክቶ አያውቅም። በ2006 ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ፣ የስሂን አፓርትመንት ሲገቡ ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ጋሽ ይገዙ በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ወዳለው ወደ ሜይን ጠረፍ ይዟቸው ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ በየመስከረሙ መሄድ ልማድ ሆነ። ሲመለሱ ዋሻዎቹን በወረቀት ላይ ይስላሉ፤ አፉ ስንት እርምጃ፣ ጥልቀቱ ስንት፣ ጣሪያው ከየት ጀምሮ ዝቅ እንደሚል።

አንድ ዓመት፣ በ2011፣ ስሂንም አብራቸው ሄዳ ነበር። ዳርቻው አሸዋ ያለው በሁለት ቋጥኞች መካከል ብቻ ነው፤ ሌላው ጥቁር ድንጋይ፣ እንደ እንቁላል የተሞረደ ጠጠርና የሚያዳልጥ የባሕር ሣር ነው። ዋሻው ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ ውጪ ያለው የውሃ ድምፅ ከኋላ የሚመጣ ይመስላል። አባቷ በከዘራቸው ግድግዳው ላይ አንድ መስመር አሳዩዋት። ከመስመሩ በታች ድንጋዩ ጥቁር፣ ከላዩ ግራጫ ነበር። መስመሩ ከራሳቸው በላይ ነው።

«ውሃው እዚህ ድረስ ይመጣል» አሏት። «ሰው ሲያየው ይሮጣል። መሮጥ ምን ያደርጋል? ቀድሞ ማወቅ ነው።»

ሲወጡ ሣሩ ላይ አዳለጣትና ክንዷን ያዟት። ጠጠሩን ጨርሰው አሸዋው ላይ እስኪደርሱ አልለቀቋትም። ካደገች በኋላ እጃቸው የነካት ያን ቀን ብቻ ነው። ቤት ውስጥ የሚነካት ምላሳቸው ነበር፤ ወጡ ቀጥኗል፣ በሩን ወርውረሽ ዘጋሽ፣ ሂሳብ አትችይም።

ከሁሉ የሚከፋው የሰዓት ጠብ ነበር። አቶ ወልደአምላክ የእጅ ሰዓታቸውን ወደ አሜሪካ አቆጣጠር አልቀየሩም። ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው፤ ሰው ተኝቶ ሳለ አንድ ሰዓት የሚል አገር ይሳሳት እንጂ እኔ አልሳሳትም ይላሉ። ስለዚህ ስሂን የሐኪም ቀጠሯቸውንም፣ የባሕሩን ሰዓትም ስድስት እየቀነሰች ወይም እየጨመረች በሳቸው አቆጣጠር ትጽፍላቸዋለች። ባለፈው ነሐሴ አንድ የቀጠሮ ካርድ ራሳቸው አንብበው በስድስት ሰዓት ስተው ቀሩ። እሷ ከምትሠራበት ሆቴል ሺፍቷን አስቀይራ ስትጠብቅ ቆይታ ነበር። ስምንት ዓመት ኖረውበት የአንድ አገር ሰዓት ማንበብ እንዴት ያቅታል አለቻቸው። እሳቸው ደግሞ ስድስት ቁጥር መደመር የከበዳት ልጅ አሳደግሁ አሉ። ከዚያ በኋላ አልተነጋገሩም።

ከጉዞው በፊት ባለው ሐሙስ የባሕሩን ሰዓት ከኮምፒዩተር ላይ አወጣች። 10:20 ይላል። እንዳለ ገለበጠችው። ረስታ አይደለም። እስክሪብቶውን ይዛ ትንሽ አሰበችና፣ ከፈለጉ ይጠይቁኝ አለች በልቧ። ወረቀቱን የመነጽር ቤታቸው ሥር አድርጋ ወደ ሥራ ወጣች።

አልጠየቋትም።

«ዛሬ ማታ የእድሩ ስብሰባ አለ» አለ ንጉሡ። አሁን የሚናገረው ለበርኮቹ ሳይሆን ለደረጃው ሥር ነበር። «ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ አጀንዳውን አስገብቻለሁ። ሽማግሌ ገደል አፍ ላይ ጥሎ የሚተኛ ሰው ከእኛ ጋር እድርተኛ አይሆንም። ስትሞት የሚቀብርህን ሌላ ፈልግ።»

ጋሽ ይገዙ እዚህ አገር ዘመድ እንደሌለው ሁሉም ያውቃል።

«ተኝቻለሁ» አለ። «ሌሊቱን ሙሉ ነድቼ ነበርና ተኛሁ። አልካድኩም።»

«ከነገ ጀምሮ እዚህ እንዳላይህ።»

ጋሽ ይገዙ ተነሣ። ወንበሩን አጠፈና ግድግዳው ላይ አስደገፈ። አንድ እግሩን ደረጃው ላይ ሲያደርግ ስሂን የገዛ ድምፅዋን ሰማች።

«ወንድም ጋሼ፣ አባባ ሰዓት የሚያነቡት በማን አቆጣጠር ነበር?»

ንጉሡ ዞሮ አያት።

«ወረቀቱ ላይ ያለው የዚህ አገር ሰዓት ነው» አለች። «እኔ ነኝ እንዳለ የገለበጥኩት። እሳቸው በራሳቸው ነው ያነበቡት።»

እትዬ እንግዳወርቅ ትሪውን አስቀምጠው ሐዘን ነው የሚያናግራት፣ ውሃ ስጧት አሉ። ውሃ ያመጣ ግን አልነበረም። ንጉሡ ወረቀቱን ከበርኮቹ እጅ ወስዶ እንደ አዲስ አየው። ከንፈሩ ሲቆጥር ይታያል።

«በሳቸው አስር ከሃያ…» አለ ቀስ ብሎ። «ወደ አመሻሽ ገደማ ነው።»

«አዎ። እዚያ ሲደርሱ በሳቸው ሰዓት ስድስት ተኩል ነበር። ገና ለአራት ሰዓት ያህል ይሸሻል ብለው ነው የገቡት። ውሃው ከዋሻው አፍ ትንሽ ራቅ ብሎ ሲያዩት እየሄደ መሰላቸው። እየመጣ ነበር።»

«ለምን በሳቸው አልጻፍሽም?»

«ተኳርፈን ነበር።»

ንጉሡ የሚጮህ መስሏት ጠብቃ ነበር፤ ድምፁ ግን ዝቅ ያለና ደረቅ ነበር። «ከዚህ ፍራሽ ላይ ተነሺ» አላት። ተነሣች። እትዬ እንግዳወርቅ ነጠላቸውን ሰብስበው እንድታልፍ መንገድ ለቀቁላት፤ ልብሷ እንዳይነካቸው የሚጠነቀቁ ይመስሉ ነበር። ጋሽ ይገዙን ተመልሰህ ተቀመጥ ያለው አንድም ሰው አልነበረም።

ውጪ ፀሐይ ነበር። ጋሽ ይገዙ መኪናውን አስነሥቶ ሳይሄድ ቆይቷል። መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

«ሦስት ቀን» አላት። «ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ሌባ ተቀምጬ እያየሽኝ።»

«አዎ።»

«በሕልሜ እንኳ ባሕሩ ሲመጣ እኔ ተኝቻለሁ። ይቅርታ እንዳትዪኝ። ዛሬ አልሰማሽም።»

«አልልህም፣ ጋሽ ይገዙ።»

መሪውን በመዳፉ ሁለት ጊዜ መታው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የፊተኛውን በር ከውስጥ ከፈተላት። በዚህ ልብስ እስከ አሌክሳንድሪያ በአውቶቡስ አትሄጂም አለ፤ አላያትም።

ልትገባ አንድ እግሯን ስታነሣ ወለሉን አየች። ምንጣፉ ላይ ግራጫ አሸዋ ነበር፤ ጥፍር የሚያህሉ የዛጎል ስብርባሪዎችም።

«ዋሻው ጋ ሳንደርስ መንገድ ላይ አንድ አሸዋ ዳር ወርደን ነበር» አለ ጋሽ ይገዙ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ። «ጫማቸውን አራግፈው አይገቡ። ስንት ጊዜ ተጣልተንበታል።» ትንሽ ቆይቶ፣ «ከዚያ ወዲህ ሰው አልጫንኩም» አለ።

ስሂን ወንበሩ ላይ በጎን ተቀመጠች። ጫማዎቿን አውልቃ ጭኗ ላይ አኖረች። ከዚያ እግሮቿን አሸዋውን ሳትረግጥ አንድ በአንድ ከፍ አድርጋ አስገባችና ጉልበቶቿን ወደ ደረቷ ስባ አቀፈቻቸው። መኪናው ከጎረቤቶቹ መኪኖች መካከል ወጥቶ ወደ ትልቁ መንገድ ታጠፈ። ድልድዩን ተሻግረው ቨርጂኒያ ሲገቡ እግሮቿ ደንዝዘው ነበር። አላወረደቻቸውም።