ስኳሬ የወረደ ቀን

ስኳር በሽታን አሥራ አንድ ዓመት ኖሬበታለሁ። መርፌውን ችዬዋለሁ፤ ጣቴን በየቀኑ መብጣቱንም ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት ሰውን ነው። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ አማርኛ የምትናገር ሴት ሁሉ ሐኪሜ ናት። «አሰፋሽ፣ ቴምር ነው እንዴ የያዝሽው?» «አሰፋሽ፣ እሬት በባዶ ሆድሽ ጠጪበት፤ የአጎቴ ልጅ ድኖበታል።» እሰይ፣ የአጎትሽ ልጅ ይዳን! እኔን ግን ተይኝ!

ከሁሉም የባሰችው ውቢት ናት። አባቶቻችን የድሮው ባቡር ላይ አብረው ሠርተዋል፤ እኛም እዚሁ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉን ሰው ሰድበው ይገላገሉታል። እሷ ግን ትወደኛለች።

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጇን ክርስትና አስነስታ፣ ሆዳን ሰፈር ባለው አዲሱ ቤቷ ደገሰች። ከልጄ ከጸደንያ ጋር ሄድን። ገና እንደገባን «ምሳ መቼ ነው?» አልኳት። «ቀርቧል እኮ! እጅሽን ታጠቢ» አለችኝ። እውነትም ጠረጴዛው ሞልቷል። እኔ ኢንሱሊኔን የምወጋው ልክ ከምግብ በፊት ነውና ጓዳ ገብቼ ሆዴ ላይ ወጋሁ፤ መጥቼም ተቀመጥኩ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ለካስ ዳቦውን የሚቆርሰው ታላቅ ወንድሟ ጋሽ አልአዛር ነው። እሱ ደግሞ ከድሬዳዋ በባቡር እየመጣ ነው። «ናጋድ ባቡር ጣቢያ ወርዷል፣ ደርሷል በቃ» ትላለች ውቢት። ታላቅ ሳይባርክ ማዕድ አይነካም። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሌላ ግማሽ ሰዓት ተጨመረ። ጋሽ አልአዛር ናጋድ ቆሞ ከባለታክሲ ጋር ይከራከራል።

ኢንሱሊን ተወግቶ ካልተበላ ደግሞ ስኳር ይወርዳል። ላብ አጠመቀኝ። ግን በሐምሌ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ጅቡቲ ውስጥ ማን የማያልበው አለ? ማን ልብ ይበለኝ? ለእንዲህ ያለ ጊዜ ብዬ ከረሜላ ከቦርሳዬ አይጠፋም። ከፈትኩት፤ አንድም የለም። ጸደንያን አየኋት።

«ጠዋት አግኝቼ ጣልኳቸው» አለችኝ በጆሮዬ። «ለካ ተደብቀሽ ትበያለሽ፣ እማዬ?»

ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ስኳር ሲወርድ ከረሜላ መድኃኒቴ እንደሆነ ስንቴ ነግሬያታለሁ! ደሜ ፈላ። ከጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ለስላሳ አነሳሁ፤ ከንፈሬ ሳይደርስ ውቢት ነጠቀችኝ።

«አፈር ስሆን! እያየሁሽማ ራስሽን አትገድዪም!»

«ወርዶብኛል፣ ውቢት! ስኳሬ ወርዶብኛል!»

የምለካበትን መሣሪያ አውጥቼ ጣቴን ወጋሁ። ሃምሳ አንድ፤ ከሰባ በታች ከወረደ አደጋ ነው። ዓይኗ ሥር ደቀንኩት፤ «ይኸው፣ እይው!»

አየችው። ፊቷ በራ። «እሰይ! እሰይ! የእኔ ባል እኮ ሦስት መቶ ነው! ሃምሳ አንድ ገባልሽ!» ብላ እልልታዋን ለቀቀችው። ሴቶቹም ተቀበሏት። በወደቀው ስኳሬ ላይ እልል ተባለልኝ!

ጮኽኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ስድብ እንደነበር ግን አውቃለሁ። ስኳር ሲወርድ ሰው ይቆጣል፤ የእኔ ቁጣ ግን ድሮም የታወቀ ነውና ከቁም ነገር የቆጠረው የለም። «ተዉአት፣ አሱ እኮ ናት» ተባባሉ። ልጄ አቀርቅራ ጥፍሯን ታያለች። ቤቱ መደብዘዝ ጀመረ። እዚህ፣ ይህን ሁሉ ምግብ እያየሁ፣ በሚወዱኝ ሰዎች መሀል ልሞት ነው አልኩ።

ግድግዳውን ይዤ ወደ ወጥ ቤት ሄድኩ። የስኳሩን ቆርቆሮ አገኘሁት፤ እጄን ከተትኩ። ውቢት ተከትላኝ ኖሮ አንጓዬን ያዘችኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ለመንኳት፤ አልለቀቀችኝም። ስለዚህ ነከስኳት። አዎ፣ እጇን በጥርሴ! ጮኻ ስትለቀኝ ስኳሩን በጭብጤ እያፈስኩ ቃምኩት። አገጬ ላይ፣ ደረቴ ላይ፣ ወለሉ ላይ ተበተነ። እዚያው ተቀምጬ ዓለም ወደ ቦታዋ እስክትመለስ ጠበቅኩ።

ጋሽ አልአዛር የገባው ይሄኔ ነው። ዳቦው ተቆረሰ። እኔም በላሁ፤ እንዴት አልበላም! ውቢት እጇን በሻሽ አስራ ታስተናግዳለች፤ ወደ እኔ አታይም። ከጀርባዬ ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው፦ «ስኳር ሰርቃ ስትቅም ተያዘች አሉ።»

ወደ ቤት በታክሲ ተመለስን። ሰፈራችን ልንደርስ ስንል ጸደንያ ተነፈሰች።

«ምነው እማዬ? በሰው ፊት እንዲህ ታዋርጂኝ?»

«ሞቼ ቢሆን» አልኳት፣ «እነዚያው ሴቶች ደረታቸውን ይደቁልሽ ነበር። አንቺም በሰው ፊት ትጮኺ ነበር። ያን ጊዜ አታፍሪም።»

ባለታክሲው በመስታወት አየን። ጸደንያ ማልቀስ ጀመረች፤ እኔ ግን አላባበልኳትም። ቁጣዬ ገና አልበረደም ነበር።

«ታዲያ ስኳርሽ መውረዱን እኔ በምን ልወቅ?» አለች።

«ስነግርሽ!» አልኳት። «ስነግርሽ እመኚኝ!»