በሰው ሳጥን ውስጥ

ማክሰኞ ማርች 3 ቀን 2009፣ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በመንደራችን በሄልሚንግፎርድ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ቁጭ ብዬ የቀብር መዝገቡን ገለጥኩ። የምፈልገው ወንድሜን ነበር። በኖቬምበር 1956 ሞቶ ተወለደ፤ እናታችን እንኳ ሳታየው አዋላጇ በፎጣ ጠቅልላ ይዛው ወጣች። እናቴ ከዚያ ወዲህ ስሙን አንስታ አታውቅም። ሐኪሙ የቀሯት ሳምንታት ብቻ መሆናቸውን የነገረን ቀን ግን፣ «ልጄ ጁን፣ ፒተር የት እንዳለ ሳላውቅ እንዳልሄድ» አለችኝ።

መዝገቡ ላይ የለም። ቄሱ ያልተጠመቀ ሕፃን እንደማይመዘገብ ነገሩኝና ወደ አቶ ፓስክ ላኩኝ። አቶ ፓስክ በዚያ ዘመን መቃብር ቆፋሪያችን ነበሩ። ጓሯቸው ውስጥ ተንበርክከው ሽንኩርት ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው።

«ሞቶ የተወለደ ለብቻው አይቀበርም ነበር፣ ልጄ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «በዚያ ሳምንት የሚቀበር ሰው ሳጥን ውስጥ ነበር የምናስገባው።»

«የማን ሳጥን?»

«መዝገቡን ያየሽው አንቺ። በዚያ ሳምንት ማን ተቀበረ?»

አንድ ስም ብቻ ነበር፤ ኢዲት ክራስክ።

«እሷው ናት» አሉ። «እግሯ ስር አስቀመጥኩት። ክዳኑን በሚስማር የመታሁት እኔው ነኝ።»

«ቤተሰቧ ያውቅ ነበር?»

«ምን ቤተሰብ አላት ብለሽ ነው? ድመቷን እንኳ የወሰዳት ጎረቤት ነው።»

ወይዘሪት ክራስክ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች። የእናቴን ጣቶች በማስመሪያ ስትገርፍ እንደነበር ቤታችን ውስጥ ያልሰማ የለም። ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሁሉ ለእናቴ ሌላ ስም ፈጥሬ ልንገራት ወይ እያልኩ ነበር። አልቻልኩም፤ ነገርኳት።

«ያቺ?» አለች። «አቅፋው ነው?»

«እግሯ ስር ነው ያለው፣ እማዬ።»

«ይሻላል። እሷ እንደሆነ ማቀፍ አታውቅም።»

ልስቅ ስል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንደዞረች፣ «መቃብሯ ድንጋይ ላይ የፒተርን ስም አስጽፊልኝ» አለች። እሺ አልኳት።

በዘጠነኛው ቀን ሞተች። ቄሱ በሰው መቃብር ድንጋይ ላይ ስም ለመጨመር የባለ መቃብሯ ዘመድ መፍቀድ አለበት አሉኝ። ሁለት ዓመት ፈለግሁ፤ የወይዘሪት ክራስክ ዘመድ አልተገኘም። የፒተር ስም እስከ ዛሬ አልተጻፈም።