ዝቅ ያለው ቁጥር

በእኔ መዝገብ የወይዘሮ ኢርማ ኮስኬላ የደም ግፊት 136 በ84 ነው። ቤታቸው ራሳቸው እየለኩ በጻፉት ደብተር ግን፣ በዚያው ሳምንት ከ155 በታች የወረደበት ቀን የለም።

«ከሁለት አንዳችን ዋሽተናል» አሉ፣ የበረዶ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በካልሲ እየገቡ። «እኔ እንደሆንኩ የምዋሸው ስለ ክብደቴ ብቻ ነው።»

«ምናልባት የቤትዎ መለኪያ ይሆናል።»

«በመለኪያዬ አታሳብብ! ፋርማሲው ፈትሾታል።»

ካናዳ ውስጥ ተንደር ቤይ ባለው ክሊኒካችን፣ ግፊት እንዳለባቸው ገና የተነገራቸውን ሰዎች እናጠናለን። ገሚሶቹ ቤታ ብሎከር የሚባል የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ገሚሶቹ መልኩ ያው የሆነ ባዶ ክኒን። ማን የቱን እንደሚወስድ የሚለካው ሰው ማወቅ የለበትም። የሚለካው እኔ ነኝ። ያ መድኃኒት ግን ልብን ያዘገያል፤ የወይዘሮ ኮስኬላን አንጓ ስይዝ በደቂቃ 88 ይመታ የነበረው 56 ገብቷል። አወቅሁ።

አወቅሁና መድኃኒቱ እንዲሠራላቸው ተመኘሁ። ደንቡ አምስት ደቂቃ አስቀምጦ ሁለቴ መለካትና አማካዩን መጻፍ ነው። እኔ እንደ እሳቸው ልቡ የዘገየ ሰው ልኬት ከፍ ሲልብኝ «ደረጃ ስለወጡ ይሆናል» እያልኩ ሦስተኛና አራተኛ እለካና ዝቅ ያሉትን እይዛለሁ። ልቡ የሚፈጥን፣ ባዶውን ክኒን የሚወስድ የሚመስለኝ ሰው ሲመጣ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጽፌ እሸኘዋለሁ። አንድም ቁጥር ከራሴ አልፈጠርኩም፤ ውሸት ያልመሰለኝም ለዚህ ነው።

«ጠዋት ጠዋት ራሴን ይወቅረኛል» አሉ ክንዳቸውን እየዘረጉ። «ዶክተሯ ግን ያንተን ወረቀት አይታ ሁለተኛ መድኃኒት አያስፈልግሽም አለችኝ። እኔም የራሴን ትቼ አንተን አመንኩ።»

ለካሁ፤ 160 በ96። ደገምኩ፤ 158 በ94። እጄ ሳላዝዘው የመንፊያውን ኳስ ለሦስተኛ ጊዜ ጨበጠ።

«ምነው? አልወደድከውም?»

ኳሱን ለቀቅሁ። ማሰሪያውን ፈታሁላቸው።

«ትክክሉ የእርስዎ ደብተር ነው» አልኳቸው። «እኔ ዝቅ ያለውን እየመረጥኩ ነው ስጽፍ የኖርኩት። እንዲድኑ ብዬ።»

«እንዲድኑ ብዬ!» አሉ ቀስ ብለው። እጅጌያቸውን አወረዱ፤ ቁልፉን እስኪቆልፉ ድረስ ቀና ብለው አላዩኝም። «እና አሁን ምን ልታደርግ ነው፣ አንተ ልጅ?»

«አብረን ዶክተሯ ዘንድ እንገባለን። የእርስዎን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም እነግራታለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ የማንንም ግፊት አልለካም።»