የዋንዛው ሣጥንና የጠፋችው ኳስ

የዓያንቱ አባት በሕይወት የሉም፤ የሚድራት ታላቅ ወንድሟ ኩማ ነው። ኩማ ደግሞ ከጎሬ ሆኖ፣ «የእጁን ሥራ ሳላይ ሽማግሌ አልቀበልም» ብሎ ላከ። ሊያገባት የሚፈልገው አናጢ ደበሳ ይህን ሲሰማ አላመነታም፤ መቱ ያለው የኑረዲን ሻይ ቤት እንዲገናኙ አደረገ።

እዚያ ለቴሌቪዥኑ የሠራው የዋንዛ ሣጥን አለ። ከላይና ከታች በመሮ የፈለፈላቸውን አበቦች የቀበሌው ሊቀ መንበር ሳይቀር ሻዩን ትቶ ነው የሚያያቸው። ምን ያደርጋል፣ ደበሳ ሣጥኑን ሲለካ ኑረዲን የቪዲዮ ፊልም ከፍቶ ነበር። የዚያ ፊልም ሥዕል ወደ ጎን የተለጠጠ ስለሆነ ከላይም ከታችም ጥቁር ይቀራል። ደበሳም «ጥቁር ምን ይታያል?» ብሎ ብርሃኑን ብቻ ለካ፣ ጥቁሩን በአበባ ሸፈነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሻይ ቤቱ ከዚያች ካሴት ሌላ ስላልነበረው ጉዱን ማንም አላወቀም።

ቅዳሜ ገበያው ሞቅ ሲል ኩማ መጣ። ሣጥኑን በመዳፉ ዳሰሰና ራሱን ነቀነቀ፤ ወዶታል። ዓያንቱ ከጥግ ሆና ፈገግ ስትል ደበሳ በደስታ የሚሆነውን አጣ። ኑረዲን ደግሞ ነገር ያሳመረ መስሎት አንድ ሹፌር ከአዲስ አበባ ያመጣለትን የቴሌቪዥን ጨዋታ ሰካ። በመዘወሪያ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄዱ ሁለት መምቻዎች አሉት፣ አንዲት ነጭ ኳስ ትመላለሳለች።

ኩማ መታት። ኳሷ ወደ ላይ ወጥታ ከአበባው ሥር ገባች፣ ወዲያ ማዶ ብቅ አለች፤ ከዚያ ወደ ታች ወርዳ ድርግም። ሊከተላት ያወረደው መምቻም አብሯት ጠፋ።

«ኳሷን ማን በላት?» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ኑረዲን ደበሳን ጠቀሰውና፣ «ማሽኑ ነው ጋሼ ኩማ፤ የሰው አገር ዕቃ አይታመንም» አለ።

ኩማ ወደ ደበሳ ዞረ። «ዱጋ!» አለው በኦሮምኛ፤ «እውነቱን ንገረኝ። ማሽኑ ነው?»

አዎ ቢል ዓያንቱን ያገኛል። ደበሳ ግን ወደ ሣጥኑ ጠጋ አለ።

«የኔ ጥፋት ነው ጋሼ። ጨዋታው የተሠራው መስተዋቱን እስከ ጫፉ እንዲሞላ ነው። እኔ በፊልሙ ልክ ቆረጥኩት።»

ይህን ብሎ መጋዙን አመጣ፤ የሣጥኑን የፊት ሳንቃ ፈትቶ አበቦቹን ይገዘግዛቸው ጀመር። ኑረዲን ዓይኑን ጨፈነ። ሳንቃው ተመልሶ ሲገጠም ሜዳው በሙሉ ወለል አለ፤ ለካ ነጥቡም ከላይ ይጻፍ ኖሯል!

«ተቀመጥ፣ እንጫወት» አለው ኩማ።

ብልህ ሰው ቢሆን ይሸነፍለት ነበር። ደበሳ ግን ጨዋታው ጣመውና ራሱን ረሳ፤ ደጋግሞ አሸነፈው። ኩማ መዘወሪያውን አስቀመጠና ተነሣ።

«ሽማግሌዎችህ ነገ ይምጡ።»

«ነገ?»

«ነገ! ባዳ አሸነፈኝ ብዬ ጎሬ አልገባም። አማቼ ከሆንክ ግን የት ታመልጠኛለህ? እስክጥልህ ድረስ ቤትህ እመላለሳለሁ።»

ሙሽራ ለራሷ እልል አትልም ይባላል። ዓያንቱ ማንንም አልጠበቀችም፤ እልልታውን ለቀቀችው።